ቀሪው የማን ነው?

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሉማሜ ወዲህ

ለተከበሩ ጋሽ ደመላሽ፣

የእኛ ክረምት አልፎ የእርስዎ አገር ብርድ ሊጀምር ነው ሲሉ ሰምቻለሁና፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ከረሙ እላለሁ። ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ልጅዎ ወንጌላዊትና ልጇስ ደህና ናቸው? እኛ በፈጣሪ ቸርነት አለን። ጤፉ ዘንድሮ ደህና ይዟል።

ምናልባት ጠፍቼብዎት እንደሆነ፣ እኔ የአንጓች ልጅ ሥራነሽ ነኝ። እናቴ የአክስትዎ የልጅ ልጅ ናት። አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ወንጌላዊት ጆሮዎ ስልክ መስማት እንዳቆመ ለዘመድ ሁሉ ተናግራለች፤ በእኛም በኩል ኔትወርኩ መጣ ሲባል እንሮጣለን፣ ስንደርስ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ድሮው ነገር ተመለስኩ። ይህን ወረቀት አማረ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ማርቆስ ፖስታ ቤት ያደርስልኛል።

የቸገረኝ ነገር ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ባለፈው ወር ተከፈተ። የእኔ ክፍል ሰማንያ አንድ ልጅ አለው። ዘጠኝ ዓመት የሞላውም፣ ዐሥራ አራት የሞላትም እዚያው አንድ ወንበር ላይ ናቸው። ከመዘጋቱ በፊት ሁለተኛ ክፍል የነበሩት፣ ዕድሜያቸው ሄዷል ተብሎ አራተኛ ገብተዋል። «ሦስት ጊዜ አራት?» ስላቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ። መጽሐፉ ግን አይጠብቃቸውም፤ ማካፈል ጀምሩ ይላል። ሰሌዳው ላይ «ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ድርሻ፣ ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ይኼ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ለቀልድ አይደለም፤ የእውነቷን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ መልሱ ጠፋኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ።

ደክሞኛል ጋሼ። እንደ ድሮው ልቤ ቢሆን ኖሮ አንድ ዘዴ ባላጣሁ። አሁን ግን ጠዋት ስነሳ ሰማንያ አንዱም ጀርባዬ ላይ የታዘሉ ይመስለኛል። እርስዎ ማካፈልን እንዴት ነበር የሚያስተምሩት? እኔ ተማሪዎ ነበርኩ፤ እንዴት እንዳስተማሩን ግን አላስታውስም።

እመቤታችን ከብርዱ ትከልልዎት።
ሥራነሽ

*

ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ስዊድን፣ ጎተንበርግ

ለልጄ ለሥራነሽ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የአገሬን ቴምብር ሳይ ከመክፈቴ በፊት ተቀመጥኩ። የአንጓች ልጅ ትጠፋኛለሽ እንዴ! ከመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጪው። እናትሽን ጉልበት ስመሽ ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ትገባለች፤ ሰው ግን ሥራውን አያቆምም። ወንጌላዊት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ሌሎች ሽማግሌዎችን ስታጥብ ውላ ማታ ደግሞ እኔን ታገኛለች። እንዳልከብዳት ብዬ ብዙ አልናገርም።

እንዴት እንዳስተማርኳችሁ እንደማታስታውሺ ጽፈሻል። ጥሩ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ታስታውሺው ነበር። እኔ ያስተማርኳችሁ ማሠልጠኛ ውስጥ እንደነገሩኝ ነው፦ አካፍል፣ አባዛ፣ ቀንስ፣ አውርድ። ይህን የምነግርሽን ግን ያወቅሁት ከጡረታ በኋላ፣ የልጅ ልጄ እዚህ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አይቼ ነው።

ከቁጥር አትጀምሪ። ከእጅ ጀምሪ። ዐሥራ ሁለት ባቄላ ለሦስት ልጅ ስጪና፣ «እኩል ተካፈሉ፤ ለየራሳችሁ ስንት ደረሳችሁ?» በያቸው። ይህ አንድ ጥያቄ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ዐሥራ ሁለቱን ለአንድ ልጅ ስጪና፣ «ለሰው ሦስት ሦስት ብታድል ለስንት ሰው ይበቃል?» በይው። ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለቱም ዐሥራ ሁለት ሲካፈል ለሦስት ናቸው። ለልጅ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ማከፋፈል ነው፣ ሌላው እየዘገኑ መቁጠር ነው። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገን እናወራለን፣ ልጁ ይጠፋበታል፣ ከዚያ ልጁን ደደብ እንለዋለን። ተካፋይና አካፋይ የሚሉትን ስሞች ሥራውን ከለመዱ በኋላ ስጫቸው።

የጎደለሽ ነገር ካለ ወንጌላዊት ጥቂት ብር ልትልክልሽ ትችላለች፤ አትፈሪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከእናንተ ክፍል የኔአለም የምትባል ልጅ ነበረች፤ ከወንዙ ማዶ የምትመጣ። አለች? የት ደረሰች?

ቅዱስ ማርቆስ በቸርነቱ ይጠብቅሽ።
ደመላሽ

*

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሉማሜ ወዲህ

ለተከበሩ ጋሽ ደመላሽ፣

እንኳን ለልደቱ አደረሰዎ፤ ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጥምቀትም ማለፉ አይቀርምና ለእርሱም እንኳን አደረሰዎ። እናቴ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ገብታ ሰው እንዴት ነው ከብቱን የሚያገባ?» አለች። ከብት የላቸውም ብላት አላመነችኝም።

ባቄላው ሠራ ጋሼ። ከየቤታቸው አንዳንድ እፍኝ አምጡ አልኳቸው፤ የመጣው ለንፍሮ ይበቃል። በሦስት በሦስት ከፋፍዬ ወለሉ ላይ አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ጩኸት ብቻ ነበር። ቆይቶ ግን ዝም አሉ፤ ሰማንያ አንድ ልጅ ዝም ሲል እኔ ደነገጥኩ። «ለአንተ አንድ፣ ለእሷ አንድ፣ ለእኔ አንድ» እያሉ ነበር። ያቺ «ምን ይሠራል?» ያለችኝ ልጅ፣ ባንቺአየሁ ትባላለች፣ እንደ ሌሎቹ አንድ አንድ አላደለችም። ክምሩን አየት አድርጋ ለሦስቱም አራት አራት ዘግና ሰጠችና እጇን አራገፈች።

እየዘገኑ መቁጠሩ ግን አስቸግሮኛል። ለምሳሌ ብዬ፣ «ሃያ ስድስት ሰው ሉማሜ መሄድ ይፈልጋል፤ አንድ ባጃጅ ሦስት ሰው ይጭናል፤ ስንት ባጃጅ ያስፈልጋል?» አልኳቸው። እንዳላማው የሚባል ልጅ ተነሳና፣

«ስምንት» አለኝ።

«ስምንት ባጃጅ ሃያ አራት ሰው ነው የሚጭን። የቀሩት ሁለቱስ?»

«ሹፌሩ ይደርባል ቲቸር። አንዱ በግራው፣ አንዱ በቀኙ።»

ምን ልበለው? እኔም ቅዳሜ ከሉማሜ የመጣሁት በሹፌሩ በግራ ተቀምጬ ነው። መጽሐፉ ዘጠኝ ነው የሚል። ትክክል ልበለው ወይስ ስሕተት? አንድ ሰዓት ሙሉ ስለዚህ ስንከራከር ደወል ተደወለ። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ብር አያስፈልገኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ይልቅ ቀሪን እንዴት እንደማስተምር ይንገሩኝ። አካፍለው ሲጨርሱ የተረፈችውን ይደብቋታል፤ ጥፋት ይመስላቸዋል። አንዷማ ሁለት ባቄላ ስትውጥ ያዝኳት፤ ጥሬውን።

ወንጌላዊትን ሰላም ይበሉልኝ።
ሥራነሽ

*

ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ለልጄ ለሥራነሽ፣

እናትሽ ስለ ከብቱ የጠየቀችውን ለወንጌላዊት ነገርኳት፤ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። አንጓች ዕድሜ ይስጣት። እኔ ባለፈው ሳምንት በረዶ ላይ ወድቄ ወገቤ ትንሽ ተነክቷል፤ ለክፉ አይሰጥም። መስኮት ስር ተቀምጬ የአንቺን ክፍል አስባለሁ።

እንዳላማውን ስሕተት አትበይው። «አንተ የነገርከኝ ሹፌሩ የሚያደርገውን ነው፤ እኔ የጠየቅሁህ ሕጉን ነው» በይውና ሁለቱንም ጻፊለት። ቀሪ ሲመጣ መልሱን ከመጠየቅሽ በፊት የሚካፈለው ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው። ድንች ከሆነ ይቆረጣል። ዶሮ ከሆነች አትቆረጥም፣ ትቀመጣለች። ሰው ከሆነ ሜዳ ላይ አይጣልም፣ ሌላ ባጃጅ ይጠራለታል። ቁጥሩ ያው ነው፤ ቀሪው ምን እንደሚሆን የሚወስነው ኑሮ ነው። ቀሪ ጥፋት አይደለም። ሥራው በትክክል ሲሠራ የሚገኝ ነገር ነው። ይህን ለልጆቹ ደጋግመሽ ንገሪያቸው። እኔ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስለ የኔአለም የጠየቅሁሽን ዘለልሽው። ረስተሽው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን አንቺ ስለ ባቄላው እንኳን አንድ ነገር ሳትረሺ የጻፍሽ ሰው ነሽ። ሞታ ከሆነም ንገሪኝ። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የሚነገረኝን መቻል አያቅተኝም።

ደመላሽ

*

መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሉማሜ ወዲህ

ለተከበሩ ጋሽ ደመላሽ፣

ወገብዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ አማረም ሦስት ሳምንት አልወጣም። ግን መንገዱ ብቻ አይደለም ያዘገየኝ።

የኔአለም አለች። አልሞተችም። ከወንዙ ማዶ፣ እናቷ ቤት አጠገብ ነው የምትኖር። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። አራት ልጆች አሏት። ባንቺአየሁ ያልኩዎት የእሷ ሦስተኛ ናት።

ባንቺአየሁ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ አልመጣችም። ርእሰ መምህራችን ምስጋናው ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «ቀሪ ስንት?» ይለኛል። «አንድ» እለዋለሁ። ዐሥራ አምስትም ቀርተው ከሆነ፣ የእኔ ሒሳብ አንድ ነው።

ብዙ መጻፍ አልቻልኩም። እጄ ከብዶኛል። ጋሼ፣ ያን ጊዜ እኔም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ እኮ።

ሥራነሽ

*

ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ለልጄ ለሥራነሽ፣

ትንሣኤውን በሰላም አሳልፋችሁ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ነው የምጽፍልሽ፤ ካደረ አልጽፈውም።

አዎ፣ ነበርሽ። ትንሿ ሥራነሽ ነበረች ብዬ ስንት ጊዜ አስቤ ታስታውሰው ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። እንግዲህ እንደማስታውሰው ልናገር። 1985 ዓመተ ምሕረት ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። እኔ ከማርቆስ ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። ሰሌዳው ላይ፣ «አንድ ገበሬ ዐሥራ አራት በጎች አሉት። ለአራት ልጆቹ እኩል ቢያካፍል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» ብዬ ጻፍኩ። የኔአለምን አስነሳኋት። «ሦስት ሦስት። ሁለቱ የእናታችን ናቸው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ በእኔ የተሳቀ መሰለኝ። በማግሥቱ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ ስሠጋ ነበር የዋልኩት፤ ግን ይህን ምክንያት አድርጌ አላቀርብም። «እናት ማን ጠየቀሽ! ቀሪ በይ!» አልኳት። ዝም አለች። እጅሽን ዘርጊ አልኳት። በባሕር ዛፍ ዱላ ነው የመታኋት። ሁለተኛው ሲያርፍ ድምፁ የእንጨት አልነበረም።

በማግሥቱ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ጣቷ እንደተሰበረ የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ቤቷን አውቀው ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ይታይ ነበር፣ ጢሱ። አልሄድኩም። ስድስት ዓመት እዚያ አስተምሬ አንድ ቀን ወንዙን አልተሻገርኩም።

አሁን አንቺን እጠይቅሻለሁ፤ አባትሽ እንደጠየቀሽ ቁጠሪው። ልጂቱ ለምን ቀረች? እኔ ልጅ ሲቀር ለምን እንደሚቀር አውቃለሁ።

ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ፤ ለየኔአለም የጻፍኩት ነው። ይቅርታ የሚል ነው፣ ረጅም አይደለም። ብትሰጪልኝ። የሚከብድሽ ከሆነ ቅደጂው።

ደመላሽ

*

ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሉማሜ ወዲህ

ለተከበሩ ጋሽ ደመላሽ፣

ቃሉን ደጋግሜ ጻፍኩት፣ ደጋግሜም ሰረዝኩት። በቀላሉ ልናገረው፦ መታኋት።

የካቲት 24 ቀን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ክፍል አጣምሬ ነበር የማስተምር፤ ሌላዋ መምህርት ወልዳ ነበርና። ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሲካፈል ለስድስት ብዬ ባንቺአየሁን ወደ ሰሌዳው ጠራኋት። ዐሥራ ሁለት ብላ ጻፈች። አጥፍተሽ እንደገና ሥሪ አልኳት። ዐሥራ ሁለት። ሦስተኛም ዐሥራ ሁለት። «ዜሮዋ የታለች?» ብዬ ጮህኩ። «ቲቸር፣ አንዱ ለስድስት አልበቃም። ስላልበቃ አለፍኩት» አለችኝ። ጋሼ፣ እያስረዳችኝ እኮ ነበር! የተሳሳተችበትን ቦታ በጣቷ እያሳየችኝ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ነገር ከተማሪ አይገኝም። እኔ ግን በእንጨት ማስመሪያው ጣቷ ላይ አሳረፍኩባት። አላለቀሰችም። ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ጣቷ አልተሰበረም። ግን የእናቷ ጣት እንደተጣመመ ነው፣ የቀኝ እጇ ትንሿ። ገበያ ውስጥ ባየኋት ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ለዚያ ነበር ስለ እሷ ሲጠይቁኝ የዘለልኩት። ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጥ።

እርስዎ የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ያኔም አውቀው ነበር። የየኔአለም አባት የሞተው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ልጆቹም አራት ነበሩ። በጎቹን ሽማግሌ ገብቶ ነው ያካፈላቸው፤ ስንት እንደነበሩ አላውቅም፣ የተረፈው ግን ለእናቲቱ ነው የተሰጠ። እሷ «ሦስት ሦስት» ብቻ አይደለም ያለች። «ሦስት ሦስት ይደርሰናል» ነው ያለችው። እኛ ልጆቹ ሰምተናል። የሳቅነውም ለዚያ ነው፤ የቤቷን ነገር አወራች ብለን።

ባለፈው እሑድ ወረቀትዎን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። የኔአለም ደጃፏ ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር። ባንቺአየሁ ስታየኝ ጓዳ ገባች።

«ምን እግር ጣለሽ?» አለችኝ፤ ተቀመጪ ሳትለኝ።

«ልጅሽን መትቻት ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»

«ሦስት ወር ሙሉ መንገዱ ጠፍቶሽ ነው?»

ቆይታ በርጩማ በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። ተቀምጬ የእርስዎን ወረቀት አነበብኩላት። እስክጨርስ እንዝርቷን አላቆመችም። ከዚያ፣

«ይኼ ሰውዬ አለ እንዴ!» አለች። «ይቅርታ በወረቀት ነው እንዴ የሚጠየቅ? ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ አይመጣም?»

«ባሕር ማዶ ነው። ሸምግሏል።»

«እኔስ አልሸመገልኩም?»

ድንገት ወደ ጓዳው ዞራ፣ «ነይ ውጪ! ምን ብለሽ ነው የተመታሽ?» አለች። ባንቺአየሁ ብቅ ብላ ነገረቻት፤ ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ለስድስት፣ ዐሥራ ሁለት። የኔአለም እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ባሕር ዛፍ ለስድስት ወንድማማች፤ ለየአንዳንዳቸው ዐሥራ ሁለት ብቻ? ሌላውን ደን ማን ቆርጦ ወሰደው?»

ልጂቱ አሰበች። «መቶ... መቶ መቶ ይደርሳቸዋል መጀመሪያ።»

«እህ! ከዚያስ?»

«ከዚያ ዐሥራ ሁለት ይተርፋል። ሁለት ሁለት። መቶ ሁለት መቶ ሁለት።»

«መቶውን ጽፈሽ፣ ሁለቱን ስትጽፊ መሐሉን ባዶ ካልተውሽው ማን ያውቅልሻል?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ያልረገጠች ሴት ናት ጋሼ። እኔ በሦስት ወር ያላገኘሁትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ዕንባዬ መጣ፤ ከደስታ ይሁን ከድካም አላውቅም።

ከዚያ ቃሏን ነገረችኝ። «ልጄን እልካታለሁ። እኔም እመጣለሁ። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጅሽን አያለሁ።» እውነትም መጣች። ከሰኞ ጀምሮ ገበያ ካልሆነ በቀር ጥጧን ይዛ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ምስጋናው ወላጅ ክፍል አይገባም አለ፤ «አልገባሁም፤ ደጅ ነኝ» አለችው። ማስመሪያውን ለምስጋናው መልሼለታለሁ፤ መስመር በገመድ አሰምራለሁ። ተቆጣጣሪ ስንት ጊዜ መጥቶ አይቶኛል፤ እንደ እሷ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ለእርስዎ የላከችው መልእክት ይህ ነው፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ፦ «ይቅርታውን ተወው፤ እሱን እኔና ፈጣሪ እንነጋገርበታለን። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያኔ የመለስኩት መልስ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።»

ሥራነሽ

*

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ለወይዘሮ የኔአለም (ሥራነሽ እንድታነብልዎ)፣

ልክ ነበር።

ዐሥራ አራት ለአራት ሲካፈል ድርሻው ሦስት ነው፣ ቀሪው ሁለት። እርስዎ ሁለቱንም ተናገሩ። መጽሐፉ ያልጠየቀውን ደግሞ ጨመሩ፤ ቀሪው የማን እንደሆነ። እኔ ይህን ዛሬ አይደለም ያወቅሁት። በዚያኑ ቀን ልጆቹ ሲበተኑ ብቻዬን ተቀምጬ የመምህሩን መጽሐፍ ገለጥኩ። «3፣ ቀሪ 2» ይላል። ልክ እንደነበሩ ያኔ አወቅሁ። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ልናገር አስቤ ነበር፤ ወንበርዎ ባዶ ሲሆን ለማን ልናገር ብዬ ተውኩት። ሌሎቹ እንኳ ሊሰሙት ይገባ ነበር። ይህን ለባለቤቴ ሳልነግራት ሞተች። ለንስሐ አባቴ መምታቴን ነግሬያለሁ፤ ልክ እንደነበሩ ማወቄን ግን አልነገርኳቸውም።

አባትዎን አላወቅሁም ነበር። ብጠይቅ ይነገረኝ ነበር።

መምህር ደመላሽ

*

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሉማሜ ወዲህ

ለተከበሩ ጋሽ ደመላሽ፣

ዝናቡ በርትቷል፤ አማረ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ቆሞ ነው ደብዳቤዎን ያመጣልኝ። እናቴ ሳል ይዟታል፤ ሰላም ትልዎታለች።

ትምህርት ተዘግቷል። ከሰማንያ አንዱ ሰባ አራት ፈተና ተቀመጡ። ማካፈሉን አርባ ዘጠኙ ደህና አድርገው ሠሩ፤ ሌሎቹ ከመስከረም ጀምሮ ከእኔ ጋር ናቸው። ምስጋናው ሌላ ክፍል ልስጥሽ ወይ አለኝ። አራተኛን ተውልኝ አልኩት። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ ግን ሌላ ሰው እንዲይዛቸው አልፈለግሁም። ባንቺአየሁ ወደ አምስተኛ አልፋለች።

ወረቀትዎን ትናንት ወሰድኩላት። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር በድልድዩ ዞርኩ። የኔአለም ከልጆቿ ጋር ማሳ ላይ ነበረች፤ ጤፍ ሊዘራ እያስተካከሉ። ከርቀት ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መጣች።

«መለሰ?» አለችኝ።

«መለሰ።»

«ጮክ ብለሽ አንብቢ። ባንቺአየሁ፣ ነይ ስሚ!»

ማሳው ዳር ቆሜ አነበብኩት። «ልክ ነበር» የሚለውን ስደርስ ወደ ባንቺአየሁ ዞረች። የመጽሐፉን ነገር ስደርስ መሬት መሬት አየች። ስለ አባቷ የጻፉትን ስጨርስ ቀና አለች።

«ሌላ ምን ይላል?»

«ሌላ የለውም።»

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ለባንቺአየሁ ሰጠቻት። «እንዳይረጥብ ቤት አግቢው» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

«እኔማ አውቀው ነበር» አለች።

ሰማዩ በደጀን በኩል ጠቁሮ ነበር። ሳይመጣብን እንጨርስ ብላ ወደ ማሳዋ ተመለሰች።

ሥራነሽ